የእትዬ አማረች ተራ

እትዬ አማረች መሞቷን የነገረችኝ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት ሴት ናት። ልብስ እያሰጣች ስለነበር ዞር ብላም አላየችኝ። «የጠላዋ ሴትዮ? ሞታለች እኮ፤ ሦስት ወር ሊሞላት ነው» አለችና የጨመቀችውን አንሶላ አራገፈች። እኔ ከሐዋሳ ወደ አርባ ምንጭ የወረድኩት የእናቴን ቤት ጉዳይ ለመጨረስ ነበር። እግረ መንገዴን ልያት ብዬ ነው ጎራ ያልኩት። እግረ መንገዴን ማለቴም ውሸት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ልሄድ እያልኩ ሳልሄድ የቀረሁበት ቤት ነው።

ስለ እሷ ብዙ ደግ ነገር መጻፍ እችላለሁ፤ እጽፋለሁም። ግን አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው፤ አንድ ቀን ከእጇ የተዘረጋልኝን ብርጭቆ አልቀበልም ብያለሁ። ምክንያቱን እያወቅኩ፣ ስህተት መሆኑንም እያወቅኩ ነው ያልተቀበልኩት።

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ የእሷ ግቢና የእኛ ግቢ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰኑ ነበር። ከሚሌኒየሙ ሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ማስተማር ስጀምር ከእናቴ ጋር እዚያ ገባን። እናቴ ጎጃም ተወልዳ በአባቴ የመንግሥት ሥራ ምክንያት ደቡብ የቀረች ሴት ነበረች። እትዬ አማረች ረጅም፣ ደረቅ፣ ከወገቧ ጎበጥ ያለች ነች። ቀኝ ክንዷ ላይ አንድ ፀጉር አልነበረም፤ እንፋሎት ጨርሶታል። ባሏ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። አገርሽ የት ነው ስትባል «ምዕራብ ዓባያ» ትላለች፤ ከዚያ በላይ የጠየቃት አልነበረም።

አገሩ ሁሉ ጠላ የሚያጠቁረው እንኩሮውን ምጣድ ላይ አሳርሮ ነው። እሷ ይህን «ጥቀርሻ መጠጣት» ትለው ነበር። የእሷ አሠራር ሌላ ነው። ብቅሉን አስፈጭታ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች። ጣፋጩ ሲወጣ በሸማ ታጠልለውና ያንን ውሃ ብቻ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ትጥደዋለች። ጠዋት የተጣደ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወርድም። ሲጀምር እንደ ገለባ ቢጫ ነው። አረፋው ይነሳል፣ ትገፈዋለች። ቀስ እያለ ይጎድላል፣ ይወፍራል፣ ይቀላል። ወደ መጨረሻው እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ግቢያችን ድረስ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል። ሲቀዘቅዝ ከጌሾው ጥንስስ ጋር ታገናኘዋለች። የሚወጣው ጠላ ቀይ ነው፤ ሲቀምሱት ይጣፍጣል፣ ሲውጡት ይመራል፣ ከዋጡትም በኋላ አፍ ውስጥ ይቆያል።

ማሰሮው እሳት ላይ ካለ ንጉሥ ቢመጣ አትነሳም። ጠጪ ሲመጣ «ብቅሌ እሳት ላይ ነው፤ ራስህ ቅዳ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ወሰድኩላት።

«ይሄ ምን ያውቃል?» አለችኝ።

«ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ ይነግርሻል።»

«ከነገረኝ በኋላ ማን ያማስላል?»

ሳቅሁ፤ ቴርሞሜትሩን መልሼ ወሰድኩ። አማርኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ አልነበረም፤ እኔን ሴቷን አንተ፣ ቄሱን አንቺ ስትል ማንም አይቀየማትም። ስትደሰት በጋሞኛ «ሎኦ፣ ሎኦ» ትላለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ስለ እሳት ብዙ ትናገር ነበር። «እሳት አይቸኩልም፤ ሰው ነው የሚቸኩል» የምትለውን እኔም ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ተናግሬዋለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤት ነፍሰ ጡር ወባ ጥሏት በሯ ላይ ወደቀች። እትዬ አማረች ሴትየዋን ደግፋ እስከ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ስትመለስ ማሰሮው አርሯል። ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ልጆች «ለእኛ በቅናሽ አድርጊው፣ እኛ ምን አለብን» ብለው ለመኗት። ፊታቸው መሬት ላይ ደፋችው። «ያረረ ነገር ለሰው አይሰጥም» አለች። የዚያን ዕለት ያየሁት የተናደደ ፊቷ ነው ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ፤ ስትስቅ ያየሁት አይደለም።

እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ማኅበር ትጠጣ ነበር፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋም እሷ ነበረች። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ግማሾቹ እንደ እናቴ ከሰሜን የመጡ የሠራተኛ ሚስቶች፣ ግማሾቹ የከተማው ኦርቶዶክሶች፣ ከደጋው ከጨንቻ በኩል የወረዱ። ወሩ የደረሳት ትደግሳለች። ማብቂያው ላይ ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ለባለ ተራዋ ይሰጣታል፤ እየዘመሩ ቤቷ ያደርሷታል። እናቴ ጉልበቷ ሲደክም ጠላውን ለእትዬ አማረች አዘዘች። ሌሎቹም ቀምሰው ተከተሏት። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያህል ማኅበሩ የጠጣው የእሷን ጠላ ነው። እሷ ግን እንስራውን በር ላይ አውርዳ ትመለሳለች። ግቢ ትባላለች፤ «እሳት ጥጄ መጣሁ» ትላለች።

አንድ ከሰዓት እናቴና እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጠን ሳለ መጥታ አጠገባችን ቆመች። ስታማስል ካልሆነ ቆማ አይቻት ስለማላውቅ ገረመኝ።

«እትዬ ጥሩወርቅ» አለቻት እናቴን፤ «እኔም ማርያምን እወዳለሁ። ማኅበር ልጠጣ።»

እናቴ ደነገጠች፤ ደስም አላት። «እድር አለሽ አይደል?» አለቻት፤ ምን ብላ መመለስ እንዳለባት ስላላወቀች ይመስለኛል።

«እድር ሬሳ ሲኖር ነው የሚመጣ። ማኅበር ቆመህ ሳለህ ይመጣል። እኔ ቤት ሰው የሚመጣ ሊገዛ ነው። ሳይገዛ የሚመጣ ሰው እፈልጋለሁ።»

ይኸው ነው የፈለገችው። በሕይወቷ ሌላ ነገር ስትጠይቅ አልሰማሁም። እናቴ ለማኅበሩ ነገረች፤ ማንም አልተቃወመም። አሥራ ሦስተኛ ሆና ገባች። አዲስ ገቢ መጨረሻ ነው የምትደግሰውና ተራዋ ሰኔ ላይ ዋለ። እስከዚያው በየወሩ ነጭ ለብሳ መጥታ ከአንዱ ጽዋ አብራ ጠጣች። ከማሰሮዋ ተነስታ የምትሄደው ለዚያ ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ ለድግሷ አዲስ ማሰሮ ፈለገች። ቅዳሜ ገበያ አብሬያት ወረድኩ። ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ከተራራው በጀርባቸው ተሸክመው ነው የሚያወርዱት። አንዷ ፊት ቆመች፤ በዕድሜ ከእሷ ትንሽ የምታንስ፣ ረጅም ሴት። እንደ ማንኛውም ገዢና ሻጭ ተጨቃጨቁ። እንዲያውም እትዬ አማረች ከወትሮዋ ትንሽ ከፋች፤ ሻጯ ቀና ብላም አላየቻትም። እትዬ አማረች ማሰሮ አንስታ በጣቷ አንኳኳች። ቀጥላ ከንፈሩን ወደ አፏ አስጠግታ በምላሷ ላሰችው፤ እርጥቡ ቶሎ ሲጠፋ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄ እሳት አልጠገበም» አለች። ሌላ አነሳች፣ ላሰች፣ ጠበቀች፣ «ሎኦ» አለች። እኔ ብልሃቱ ደስ አለኝ። ነገ ለተማሪዎቼ ስለ ሸክላ ቀዳዳዎች አስረዳበታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከጀርባችን ግን እትዬ ታደለች ቆማ ነበር። ታደለች የማኅበሩ ጠጪ ናት፤ የደጋው ገበሬ ልጅ፣ ቅቤ ነጋዴ። ሰላም አለችን፤ ፊቷ ግን ተለዋውጦ ነበር።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኛ ቤት መጣች። ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጉድ ሆነናል። አማረች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት።»

«ማን አለሽ?»

«በዓይኔ አየሁ። ማሰሮ ስትልስ። ገዢ ያንኳኳል እንጂ አይልስም። የሚልስ የሠሪ ልጅ ብቻ ነው፤ ከእናታቸው ጋር እቶን ሥር እያሉ ነው የሚለምዱት። እኛ አገር ከእነሱ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም። ቤታቸው አይገባም። እንስራቸውን በር ላይ ተቀብለን እንሸኛቸዋለን።» አለቀሰች። «ከእሷ ጋር ከአንድ ጽዋ ጠጣሁ። አባቴ ቢሰማ ይረግመኛል።»

እናቴ ይህንን የደጋውን ሥርዓት አታውቅም። እሷ ያመጣችው የራሷን ፍርሃት ነው። በእሷ አገር ሸክላ ሠሪ ሲባል ቡዳ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ስድስት ዓመት ውስጥ የታመመችውን ሁሉ መቁጠር ጀመረች፤ ጉልበቷን፣ የዐይኗን ሞራ፣ እኔ ሁለት ጊዜ በታይፎይድ የተኛሁትን። ቆጥራ ስትጨርስ ሁሉም ወደ አንድ ማሰሮ ገባ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። የእናቴ መልስ ይህ ነበር። ማወቋ ግን ፍርሃቷን አላስቆመውም።

ሴቶቹ መከሩ። ከማኅበሩ ትውጣ የሚል አልተገኘም፤ ማርያምን ፈርተው ነው። ለእሷ የሚነግራትም ጠፋ። ሰኔ ሃያ አንድ ሄደን እንቀመጣለን፣ ግን አንጠጣም ተባለ። ለቄሱም አልተነገራቸውም። ቢነገራቸው ይቆጡ ነበር፤ ያልተነገራቸውም ለዚያ ነው። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አጥሩን ዞሬ ሄጄ «እትዬ፣ እንዲህ ሊያደርጉሽ ነው፤ አትደግሺ» ልላት እችል ነበር። ሦስት ሳምንት ነበረኝ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በአጥሩ ላይ የብቅሉ ሽታ ሲመጣ መስኮት እዘጋ ነበር።

የማኅበሩ ቀን ግድግዳዋን በነጭ አፈር ቀብታ፣ ወለሉን በሰንበሌጥ ጎዝጉዛ ጠበቀችን። አግዳሚ ወንበር ከየጎረቤቱ ተውሳለች። ጠላው እንደዚያ ቀን ቀልቶ አላውቅም፤ በብርጭቆው ውስጥ መስኮቱን ያሳይ ነበር። ቄሱ ባረኩ፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው «እጅሽ ይባረክ» ብለው ክርስትና ወዳለበት ቤት ሄዱ። እሷ ተራ በተራ ዞረች። በደንቡ ከእንስራው ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው የምትሰጥ።

«ጨጓራዬ ተነስቶብኛል» አለች የመጀመሪያዋ።

«ስለት አለብኝ።»

«ደም ብዛቴን ሐኪም ከልክሎኛል።»

አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ገብቷታል። እጇ ግን አልቆመም። አንዷንም ሳትዘል፣ ለእያንዳንዷ መዳፏ ላይ ቀምሳ፣ ብርጭቆውን ዘርግታ፣ ምክንያቷን ሰምታ አለፈች። እናቴ ጋ ስትደርስ እናቴ አንገቷን ደፍታ «ደክሞኛል አማረች» አለቻት። ደከመኝ ብሎ ጠላ የማይጠጣ ሰው የለም። ታደለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እኔ የማኅበሩ ጠጪ አይደለሁም፤ እናቴን ደግፌ ነው የመጣሁት። በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እኔ ጋ መጣች። በመላው ክፍሉ ውስጥ የእሷ ዓይን ብቻ ነበር እኔን የሚያየኝ፤ ሌሎቹ መሬት ያያሉ፤ እናቴ ግን ሳታየኝም እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ።

«መምህር ልጄ» አለችኝ፤ «አንተ ትጠጣለህ።»

ብርጭቆው እጄ ጋ ደርሶ ነበር። ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ አርባ አምስት ተማሪ ፊት ቆሜ አስተምሬያለሁ። ያንን ጠላ መቶ ጊዜ ጠጥቻለሁ። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

ያኔ ፊቷ ላይ ላየሁት ነገር ስም አላወጣሁለትም። ብርጭቆውን ወደ ራሷ መልሳ ቆማ ጠጣችው፤ እስከ መጨረሻው። ጽዋውን በነጠላ ሸፍና ወደ መሀል አመጣችው። ቀጣይዋ ባለ ተራ ታደለች ነበረች። ልትቀበላት አልተነሳችም። ማንም አልተነሳም። እናቴ «እዚሁ ይሁን፣ ሰው እንልካለን» አለች።

እትዬ አማረች አልጮኸችም። «ስድስት ዓመት የሸጥኩትን ጠጣችሁ» አለች። «ዛሬ ነው የሰጠኋችሁ።» ከዚያ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ወጣን። የሴቶቹ እግር ሰንበሌጡን ሲረግጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ጽዋውን ለማምጣት ሰው አልተላከም። ማኅበሩ አዲስ ገዛ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አየኋት። ሸክላ ሻጮቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያቺ ረጅም ሴት አለች። ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ ለሚያልፈው ሁሉ እንዲታይ፣ ከአንድ ቅል ውሃ ይጠጡ ነበር። ፊታቸውን አንድ ላይ ሳየው ነው የገባኝ፤ እህቷ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በየገበያው እንደማይተዋወቅ ሰው ተጨቃጭቀው ተለያይተዋል። ያንን ሁሉ የቻሉት አማረች በሰው ቤት እንድትቀመጥ ነበር። እኔን አየችኝ፤ አልጠራችኝም።

ወሬው ሲሰራጭ ጠጪዋ ቀነሰ። የቀሩት ከሩቅ የመጡ የቀን ሠራተኞችና ነገሩ ግድ ያልሰጣቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እናቴ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። እትዬ አማረች ሦስቱንም ቀን ለቅሶ መጣች፤ ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እድሩ ምግብ ሲያዞር ዘለላት። እኔ ራሴ ሰሃን ይዤ ወጣሁ። አልነካችውም።

«ለመብላት አልመጣሁም» አለችኝ። «እናትህ ጥሩ ሰው ነበር። ፈርቶ ነው።»

«እኔስ እትዬ?» አልኳት።

«አንተ ግን አልፈራህም ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። ይህች አባባሏ አብራኝ ሄዳለች። ሰው ፈርቶ ለሚሠራው ጥፋት ይቅርታ ይገኝለታል። እኔ ፍርሃት አልነበረኝም፤ እናቴን ላለማሳፈር፣ ከአሥራ ሁለት ሴቶች ዓይን ለመትረፍ ነው የዋሸሁት። ይህንን እሷ ብርጭቆውን መልሳ ስትወስድ አውቃዋለች።

ተከራይዋ አንሶላውን ጨርሳ የልጅ ልብስ ማስጣት ጀምራለች። ከጫኖ መጥታ ሙዝ የምትነግድ ልጅ ናት፤ ይህንን ሁሉ አታውቅም።

«ማን ቀበራት?» አልኳት።

«እህቷና ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች። ያስታመሟትም እነሱ ናቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ወሰዷት።»

«እዚህ የሚመጣ ሰው ነበር?»

«ኧረ ሞልቶ! በየሃያ አንዱ ግቢው ይሞላ ነበር እኮ። ሴቶቹ ከተራራ ወርደው፣ ሸክላቸውን አጥሩ ሥር ደርድረው ይገባሉ። ብቅሉን ከዋዜማው ጀምራ ስታፈላ ሰፈሩን በመዓዛ ታውደዋለች። ይዘምራሉ። እኔንም ጠርታኝ ጠጥቻለሁ፤ ቀይ ነው፣ እንደሱ ያለ ጠጥቼ አላውቅም።»

«ጽዋ ነበራት። እሱስ?»

«ይዘውት ወጡ። በየወሩ ለባለ ተራ ይዞራል አሉ።»

«የዚህ ወር ማን ቤት ነው?»

እጇ ላይ ያለውን ትንሽ ሸሚዝ እንደያዘች ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችኝ።

«ተጠርተሻል እንዴ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «አልተጠራሁም።»